ሻምፑው ተጣለ፣ እንጀራው ግን ቀረ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 34 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ወር ሐኪሜ ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ አለብሽ፣ ከእንግዲህ ግሉተን ያለበት ነገር በአፍሽ እንዳይዞር አለችኝ። ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ሳምቡሳውን በአንድ ቀን ተውኩ። ሁሉም ‹አንቺማ ዕድለኛ ነሽ፣ እንጀራ አለሽ› ይለኛል፤ እውነትም ጠዋት ማታ የጤፍ እንጀራ ነው የምበላው። ሆዴ ግን አሁንም ይነፋል፣ ድካሙም አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት የደም ምርመራው ቁጥር ገና ከፍ ያለ ነው ተባልኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹በሻምፑና በሎሽን በኩል ነው የሚገባብሽ› ብትለኝ ከመታጠቢያ ቤቴ አንድ ከረጢት ሙሉ ዕቃ ጣልኩ። ሊፒስቲክ መቀባት እንኳ ፈራሁ። በዚህ ላይ የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው፤ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ በሶውን ጭነውልን ነው የመጡት። በእጃቸው የሠሩትን እንቢ ማለት አልቻልኩም። ‹ስንዴ የሚከለክል በሽታ ደግሞ ከየት መጣ? በእኛ ዘመን የት ነበር?› ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ያ ከረጢት ሙሉ ዕቃ አሳዘነኝ፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሁለተኛው ግን ዓይኔ «የጤፍ እንጀራ» የሚለው ላይ ተተከለ። ሻምፑሽንም ሎሽንሽንም ጠርጥረሻል፤ እንጀራውን ከየት እንደምትገዢ ግን አልነገርሽኝም። አልፈርድብሽም። እኛ ቤት እንጀራ አይጠረጠርም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከዚሁ በሽታ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመትም ያሳለፍኩት አንቺ አሁን ባለሽበት ነው።

ወደ እንጀራው ከመግባቴ በፊት ስለ ቁጥሩ። የሚቆጠረው ሰውነትሽ በግሉተን የተነሳ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። «ከፍ ያለ ነው» መባሉ ብቻውን ብዙ አይነግርም። የዛሬ ዘጠኝ ወር ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው? ደውለሽ ሁለቱንም አስነግሪ። ግሉተንን ሙሉ በሙሉ ያቆመ ሰው እንኳ ደሙ እስኪስተካከል አንድ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። በግማሽ ወርዶ ከሆነ ደህና እየሄድሽ ነው። ባለበት ቆሞ ከሆነ ግን ግሉተን ሳታውቂው በየጊዜው አፍሽ እየገባ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆድሽ እንደዚያ መሆኑን ስሰማ እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በዚህ አትጠራጠሪ። ችግሩ እናንተ አካባቢ «የጤፍ እንጀራ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጤፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን አሜሪካ የገቡት እናቶቻችን በሰልፍ ራይዚንግ የስንዴ ዱቄት ነበር የሚጋግሩት። ዛሬ ጤፍ አይዳሆም ይበቅላል፤ ዋጋው ግን ከስንዴና ከገብስ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ደግሞ ገብስ የገባበት እንጀራ ይለሰልሳል፣ ዓይኑ ያምራል፣ በማግስቱ አይሰባበርም። ስለዚህ ጋጋሪዋ አታላይ ናት አልልሽም፤ ለእሷ ይሄ ሙያ ነው።

እኔ አንድ ሱቅ ገብቼ «ይሄ የጤፍ ነው?» ስል ልጅቷ «አዎ፣ የጤፍ ነው» አለችኝና ወራት ሙሉ ከዚያው ገዛሁ። አንድ ቀን ጋጋሪዋ ራሷ እንጀራውን ከመኪና ስታወርድ ተገጣጠምን። ለጨዋታ ያህል «እንዲህ የሚለሰልስልሽ ምን ብታደርጊበት ነው?» አልኳት። ሳቅ ብላ «ትንሽ ገብስ ነዋ! ጤፍ ብቻውንማ መች እሺ ይላል» አለችኝ። የገዛሁትን እንጀራ ታቅፌ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ማንም አልዋሸኝም እኮ። ጤፍ ነው ወይ አልኩ፣ ጤፍ አለበት። የተበላሸው የእኔ ጥያቄ ነው።

አንቺ ስትጠይቂ «ሌላ ምን ገብቶበታል?» በዪ፤ መልሱ «ምንም» ቢሆን እንኳ «ገብስ? የስንዴ ዱቄት? ሰልፍ ራይዚንግ?» እያልሽ በስም በስሙ ጥሪላቸው። ሩዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ቢሉሽ አትደንግጪ፤ እነሱ ግሉተን የላቸውም። ቀጥለሽ ስለ እርሾው ጠይቂ። ከቅይጡ ሊጥ የተቀዳ እርሾ ንጹሕ ጤፍ ላይ ሲፈስ ገብሱንም ይዞ ይገባል። ከዚያ ስለ ምጣዱ፣ በተለይም ስለ ማሰሻው። ቅይጡን ስትጋግርበት የዋለችውን ያንኑ ጨርቅ አዙራ ለአንቺ እንጀራ ምጣድ ካሰሰችበት ድካሟ ከንቱ ነው። ይሄን ሁሉ ስትጠይቂ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ስትጠይቂያት «ቆይ ላጣራልሽ» የምትል ካገኘሽ ግን ደንበኛ አድርጊያት።

በላስቲክ ተጠቅልሎ ምንም ያልተጻፈበትን እንጀራ ተዪው። ዝርዝር ያለበት ከሆነ ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን እለፊና ከጀርባ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አንብቢ፤ «ጤፍ» ፊት ላይ፣ «የገብስ ዱቄት» ጀርባ ላይ ተጽፎ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ቃል ግን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) ባወጣው ደንብ መሠረት ይህን ቃል የሚለጥፍ ምግብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ነው ሊኖረው የሚገባው።

ሚሊግራሙ ነገር በዓይነ ሕሊናሽ እንዲታይሽ፦ አንድ ቁራጭ ዳቦ ወደ 2 ግራም ግሉተን አለው። ሴሊያክ ያለበት አብዛኛው ሰው ሳይጎዳ ሊያልፈው ይችላል የሚባለው በቀን እስከ 10 ሚሊግራም ነው። ያንን ቁራጭ ዳቦ ሁለት መቶ ቦታ ቆራርሺውና አንዷን አንሺ፤ እሷን ነው። አሁን ገብስ የገባበትን እንጀራ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ተኩል ስትበዪ አስቢው። ሻምፑ እዚህ ሒሳብ ውስጥ የት ይገባል?

ትሪውንም ሳልነካው አላልፍም። አንቺ ንጹሕ የጤፍ እንጀራሽን ብትይዢ፣ ሌላው ከሱቅ የመጣውን ቅይጥ እያጠቀሰ በአንድ ትሪ ከበላችሁ ወጡ ውስጥ የሚቀረው ፍርፋሪ ለአንቺ ይተርፋል። ወጥሽ ለብቻ ይውጣልሽ። ጉርሻማ... ጉርሻ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው። የእኔ ዘዴ ቀድሞ ማጉረስ ነው፤ ጎርሶ አፉ የሞላ ሰው ለጊዜው ይረሳሻል። መሶቡም ስፌት ነው፣ በውኃ አጥበሽ ፍርፋሪውን አታወጪለትም። ለራስሽ በክዳን የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ያዢ፤ አያምርም፣ ግን ይታጠባል።

ወደ እማማ ሻንጣ እንሂድ። በሶው ገብስ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ ለባለቤትሽ ይሁን። የገብስ ቆሎውም፣ ጭኮውም፣ ጠላውም፣ የስንዴ ቅንጬውም እንደዚያው። የሚያታልለው ሽሮው ነው። ሽሮ ከአተርና ከሽምብራ የሚዘጋጅ ስለሆነ ማን ይጠረጥረዋል? ግን የሰፈራችሁን ወፍጮ ቤት አስታውሺው። ወረፋ ይዘው የተደረደሩት ማዳበሪያዎች የማን የማን ናቸው? ከፊትሽ ያለችው ስንዴ ታስፈጫለች፣ ከእሷ በፊት የነበረው ገብስ አስፈጭቶ ሄዷል። አየሩ ራሱ ዱቄት ነው፤ የባለ ወፍጮው ሽፋሽፍት ነጭ ነው። ያንቺ ሽሮ ሲገባ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። በርበሬው ተለይቶለት የበርበሬ ወፍጮ ላይ ብቻ ተፈጭቶ ከሆነ ይሻላል፤ ያንን እማማ ያውቁታል፣ ጠይቂያቸው። ከአገር ቤት የሚመጣ የጤፍ ዱቄትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ጤፉ ንጹሕ ሆኖ ወፍጮው ያስበላዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አተሩን፣ ሽምብራውን፣ ቅመሙን ጥሬውን ግዢ፣ ልቀሚው፣ ቤት ውስጥ ቁዪውና ለአንቺ ብቻ በተገዛ መፍጫ ፍጪው። እንደ ወፍጮ ቤቱ አይልምም። በአዲስ ወንፊት ብትነፊው ግን ለተጋቢኖ ሳይቀር ይሆናል። አሮጌው ወንፊት ለዚህ ሥራ እንዳይነካ፤ ቀዳዳው ውስጥ የተወሸቀ የስንዴ ዱቄት በምንም አይወጣም። ገንፎ ሲገነፋበት የኖረውን የእንጨት ማማሰያም እንዲሁ ለሌላው ሰው ተዪለት።

አሁን አንድ ስም ላይ ቆም እንበል፤ እኔን ብዙ ያስለፋኝ እሱ ነው። አጃ። እማማ «ለድካምሽ የአጃ አጥሚት ላፍላልሽ» ሳይሉሽ አልቀሩም። ሱፐርማርኬት ውስጥ አጃ የምንለው ፈረንጆቹ ለቁርስ የሚያፈሉት ነው፤ ያኛው በተፈጥሮው የስንዴ ግሉተን የለውም፣ ግን ከስንዴና ከገብስ ጋር በአንድ ማሳ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ መጋዘን ስለሚያልፍ «ግሉተን ፍሪ» ካልተባለ አትንኪው። ጥቂት ሕመምተኞችን ደግሞ ንጹሑም አይስማማቸውም፤ ቁጥርሽ እስኪወርድ ብትተዪው እመርጣለሁ። አገር ቤት ብዙ ቦታ አጃ ተብሎ የሚዘራው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ራሱ የስንዴ ዘር ነው፣ ከነገለባው የሚወቃው ጥንታዊው ስንዴ። ለአራስ የሚመከረው፣ ወገብ ይጠግናል የሚባለው እሱ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ እማማ «አጃ እንጂ ስንዴ አይደለም» ቢሉሽ ከልባቸው ነው። ከአገር ቤት የመጣ አጃ ከሆነ ግን አንቺ እንደ ስንዴ ቁጠሪው።

የታሸገ ምግብ ላይ ደግሞ የምትፈልጊው ቃል «ማልት» ነው። የአሜሪካ የአለርጂ ምልክት ሕግ በ2004 ሲወጣ ስንዴን በግልጽ ጻፉ አለ፤ ገብስን ግን አላስገደደም። ስለዚህ ከሥር «ስንዴ አለበት» የሚል ስላጣሽ ብቻ አትመኚ። ማልት ማለት ብቅል ነው፤ እናትሽ ለጠላ ያበቀለችው ያው የገብስ ብቅል። የበቆሎ ኮርንፍሌክስ ውስጥ ለጣዕም ይገባል፣ ቸኮሌት ውስጥ ይገባል፣ ኮምጣጤም ከእሱ ይሠራል። ልጆች የሚጠጡት አልኮል የሌለው የማልት መጠጥ አልኮሉ እንጂ ገብሱ አልወጣለትም። አኩሪ አተር ነው የምንለው ሶይ ሶስም በአብዛኛው ስንዴ አለበት፤ አንዳንድ ምግብ ቤት ጥብሱ ላይ ጠብ ያደርጉታል። ጿሚ ከሆንሽ ደግሞ የጾም ሥጋ እያሉ የሚሸጡትን ተጠንቀቂ። አንዳንዱ ሌላ ምንም ሳይሆን ስታርቹ የታጠበለት የስንዴ ግሉተን ነው። ሰው ከስጋ እሸሻለሁ ብሎ ግሉተኑን በኪሎ ይገዛል!

ለቅሶ ቤት የሚቀርበውን ንፍሮ ሽምብራውን እየለቀምሽ አትብዪ፤ ከስንዴው ጋር በአንድ ድስት ነው የተቀቀለው። ስለ ቁርባን አልጠየቅሽኝም፤ የምትቆርቢ ከሆነ ግን ኅብስቱ ከስንዴ እንደሚዘጋጅ ታውቂያለሽ። እዚህ ላይ የምፈርደው እኔ አይደለሁም። የሐኪምሽን ቃል ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከእሳቸው ጋር ምከሪ።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ግሉተን በቆዳ ሰርጎ አንጀት አይደርስም፤ ለዚያ በጣም ትልቅ ነው። ሴሊያክ የሚቀሰቀሰው በአፍ በገባው ነው። ባልደረባሽ ግን ከባዶ ተነስታ የተናገረች አይመስለኝም። የስንዴ አለርጂ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ ጃፓን ውስጥ የስንዴ ፕሮቲን የነበረበት አንድ የፊት ሳሙና ከ2000 በላይ ሰዎችን ለዚያ ዳርጎ በ2011 ከገበያ ተሰብስቧል። የአንቺ እሱ አይደለም። ሻምፑ ዓይንሽን እንጂ አንጀትሽን አያቃጥልም።

ስለዚህ ጥያቄው «ግሉተን አለበት ወይ?» ሳይሆን «አፌ ይገባል ወይ?» ነው። ሊፒስቲክና የከንፈር ቅባት ይገባሉ፣ ቀኑን ሙሉ እየላስሽው ነው። የጥርስ ሳሙናና የአፍ መጉመጥመጫም እንደዚያው፤ አብዛኞቹ ንጹሕ ናቸው፣ ግን አንዴ አንብቢያቸው። መዋቢያ ላይ ስሙ በላቲን ነው የሚጻፈው፦ «ትሪቲከም ቩልጋሬ» ስንዴ፣ «ሆርዲየም ቩልጋሬ» ገብስ፣ «አቬና ሳቲቫ» የፈረንጆቹ አጃ ነው። «ሃይድሮላይዝድ ዊት ፕሮቲን» የሚለውን መቼም አታጪውም፤ ኮንዲሽነር ውስጥ ሞልቷል። ለመዋቢያ የምግቡ ዓይነት የአለርጂ ምልክት ግዴታ ስለሌለ ዝርዝሩን ማንበብ የአንቺ ድርሻ ነው።

የእጅ ሎሽን ላይ ግን ከፈረንጆቹ ምክር ትንሽ እለያለሁ። እነሱ በሹካ ይበላሉ፤ እኛ በእጃችን። የስንዴ ወይም የአጃ ነገር ያለበት ሎሽን የተቀባ ጣት እንጀራ ሲቆርስ በቀጥታ አፍ ይገባል። ለእጅሽ የሚሆነውን ብቻ ለይተሽ ግዢ፣ ለእግርሽ የፈለግሽውን ቀቢ። የልጅሽን ፕሌይዶም አትርሺ፤ ያ በየቀለሙ የሚጠፈጠፈው ሊጥ ከስንዴ ዱቄት ነው የሚሠራው። አብረሽው ስትጫወቺ ቆይተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ቆሎ ብትቆረጥሚ ሻምፑው ያላደረገውን እሱ ያደርገዋል። መድኃኒት ላይ ደግሞ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ ስንዴ ያለበት ክኒን ብርቅ ነው፣ ግን ከነጭራሹ የለም ማለት አይደለም።

ልጅሽን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱም ይመርመር። ሴሊያክ በዘር ይሄዳል፤ የሕመምተኛ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት ከሌላው ሰው በጣም በሚበልጥ ደረጃ ያገኛቸዋል። ግን ከምርመራው በፊት ዳቦውን እንዳትከለክዪው! ግሉተን ያቆመ ልጅ ደም በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ለእማማ ጥያቄ፣ «በእኛ ዘመን የት ነበር?» ለሚሉሽ፣ አትከራከሪያቸው። ይቺን ታሪክ ንገሪልኝ። ፈረንጁም ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ያወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ሆላንድ ውስጥ ዊለም ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ሆዳቸው ተነፍቶ የሚከሱ ልጆችን ያክም ነበር፤ ጥፋቱ የዳቦው ይሆን እያለ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ይጠረጥራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው ክረምት፣ አገሩ ተራበና ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሲከሳ እነዚያ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ስንዴን የጠረጠረው። እኛ አገርም እንደዚያ ያሉ ልጆች ሳይኖሩ ቀርተው አይመስለኝም፤ «ሆዱ አልስማማ ያለው» ተብለው ያልፋሉ እንጂ።

ከዚያ ሥራ ስጪያቸው። እንቢ ስትዪያቸው የሚከፋቸው እጃቸው የተናቀ ስለሚመስላቸው ነው። አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አዲስ ማሰሻ፣ አዲስ ባልዲና «ግሉተን ፍሪ» የሚል የጤፍ ዱቄት ግዢና «እማማ፣ ጤፍ ብቻውን እንጀራ ሆኖ የሚወጣው በእርስዎ እጅ ነው፤ እዚህ የሚችልበት የለም» በያቸው። ውሸትም አይሆንብሽም። እርሾውን ከዜሮ፣ ከጤፍና ከውኃ ብቻ ያስነሱት፤ ሦስት አራት ቀን ይፈጅባቸዋል፣ የሜሪላንድ ክረምት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ይቀደዳሉ። አብሲቱን ጠንከር አድርገው ያግቡበት፤ ገብሱ ይሠራው የነበረውን የማያያዝ ሥራ ከሞላ ጎደል የሚተካው እሱ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ደምሽን ድገሚና ቁጥሩን ጻፊልኝ። ሻምፑሽን መልሰሽ ግዢ፤ ሊፒስቲክሽንም ዝርዝሩን አንብበሽ ተቀቢ። ለቡናው ደግሞ የሽምብራና የሱፍ ቆሎ ይቆላልሽ፣ የገብሱ ከተቆላበት ምጣድ ላይ ግን አይሁን።